የወዳጅነት በጀት፦ ፈረንሳይና ጀርመን ሕዝባቸውን የሚያገናኙበት የድጋፍ ገንዘብ

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1963 በፓሪስ የኤሊዜን ስምምነት ሲፈርሙ፣ አገሮቻቸው ከ1870 ወዲህ ሦስት ጦርነት ተዋግተው ነበር። ስምምነቱ ስለ ውጭ ጉዳይ፣ ስለ መከላከያ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ወጣቶች ይናገራል። በመሪዎች ምክክር ላይ የተጻፈው ክፍል እንደ መሪዎቹ ጠባይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሯል። ተራውን ሰው የነካው ግን የወጣቶቹ ክፍል ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 5 ቀን የፈረንሳይና የጀርመን የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ እስካሁንም ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች በእርሱ ድጋፍ ድንበር ተሻግረዋል።

በእርግጥ ሕዝቡ ከመንግሥታቱ ቀድሞ ነበር። የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግና የፈረንሳይዋ ሞንቤልያር በ1950 እህትማማች ከተሞች ሲሆኑ፣ የጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ተጠርጎ አላለቀም። ደ ጎልም በ1962 ለጀርመን ወጣቶች በራሳቸው ቋንቋ ንግግር ያደረጉት በዚያችው በሉድቪግስቡርግ ነው። መንግሥታቱ ያደረጉት በበጎ ፈቃደኞች ለተጀመረው ጉዞ በጀት መመደብ ነበር።

የበጀቱ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሁለቱ መንግሥታት እኩል ያዋጣሉ፤ ተቋሙ የአንዳቸውም ሚኒስቴር ክፍል ሳይሆን በስምምነት የቆመ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ቦርዱን የሁለቱ አገሮች የወጣቶች ጉዳይ ሚኒስትሮች በጋራ ይመሩታል፤ የዕለት ሥራውን አንድ ፈረንሳዊና አንድ ጀርመናዊ ዋና ጸሐፊ ይመሩታል። ቢሮዎቹ በፓሪስ፣ በበርሊንና በዛርብሩከን ይገኛሉ። አንድ ኤምባሲ ብቻውን ገንዘብ ሲሰጥ ተቀባዩ የሰጪውን ባንዲራ በአዳራሹ ጥግ ማቆም አይቀርለትም። እዚህ ግን የሰጪው እጅ ሁለት ስለሆነ፣ ፕሮጀክቱን የአንዱ አገር ገጽታ ግንባታ ማድረግ ይከብዳል።

ገንዘቡን ለማግኘት የመጀመሪያው ግዴታ በማዶ ያለ አጋር ነው። የሊዮን የእግር ኳስ ክለብ ወይም የላይፕዚግ የቲያትር ቡድን ብቻውን ቢያመለክት ተቀባይነት የለውም፤ ሁለቱ ወገኖች መርሐ ግብሩን አብረው ማዘጋጀት አለባቸው። ሌላው ግዴታ መልስ ጉዞ ነው፦ ዘንድሮ እንግዳ የነበረ ከርሞ አስተናጋጅ ይሆናል። በኔ ግምት ይህ ሕግ ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል፤ አስጎብኚ አውቶቡስ ተሳፍሮ ፎቶ አንሥቶ መመለስን የሚከለክለው እርሱ ነውና። ድጋፉ ሙሉ ወጪ አይሸፍንም። የጉዞው ክፍያ በኪሎ ሜትር ርቀት፣ የማደሪያውና የምግቡ ደግሞ በቀንና በሰው ቁጥር ይሰላል፤ የቀረውን ቡድኑ፣ ወላጆችና የከተማው አስተዳደር ይሞሉታል። ቋንቋ የማይግባቡ ልጆች በጨዋታና በእንቅስቃሴ ቃላት እንዲለዋወጡ የሚያደርግ የራሱ ዘዴም አለው፤ ለዚህ የሠለጠኑ አጫዋቾችም ድጎማ ይመደብላቸዋል። ሲመለሱ ደረሰኝና ዘገባ ይቀርባል። ብዙውን ማመልከቻ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አያየውም፤ ትልልቅ የስፖርት፣ የወጣቶችና የትምህርት ማኅበራት የተመደበላቸውን ድርሻ ተቀብለው ለአባሎቻቸው ያከፋፍላሉ። ተሳታፊዎቹ ከ3 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

ከ30 ዓመት በላይ ያለውን ጎልማሳ የዘነጋው ክፍተት የተሞላው ዘግይቶ ነው። በጃንዋሪ 2019 በአኽን ከተማ የተፈረመው አዲስ ስምምነት የዜጎች ፈንድ እንዲቋቋም ወሰነ፤ ፈንዱም በ2020 ጸደይ፣ ወረርሽኙ ድንበር በዘጋበት ወቅት፣ ሥራ ጀመረ። ጊዜው የከፋ ስለነበር በርካታ ፕሮጀክቶች በኢንተርኔት ብቻ ተካሄዱ። ፈንዱ ከትንንሽ ዝግጅቶች አንሥቶ ይደግፋል፤ ለእነዚህ ድጋፉ እስከ 5,000 ዩሮ ሲሆን ወረቀቱም ቀለል ያለ ነው። ሕጋዊ ሰውነት የሌላቸው የነዋሪዎች ስብስቦች እንኳ ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ በጀርመን የተመዘገበ የኢትዮጵያውያን ማኅበርም በፈረንሳይ አጋር ካገኘ በመርሕ ደረጃ በሩ አልተዘጋበትም።

ነቀፌታም አለ። የልውውጡ ተጠቃሚዎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቃቸው ተማሪዎች ነበሩ፤ በፋብሪካና በወርክሾፕ ሙያ የሚማረው ወጣት የሚደርሰው በስተመጨረሻ ነው። የጎረቤቱን ቋንቋ የሚመርጠው ተማሪም በሁለቱም በኩል ቀንሷል፤ እንግሊዝኛ አሸንፎአል። መንግሥታቱ ራሳቸው በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው የሚወስዱበት ጊዜ አለ። የኤሊዜ ስምምነት 60ኛ ዓመት በተከበረበት በ2023 ከእያንዳንዱ አገር 30,000 ወጣቶች በሌላው አገር በነጻ የሚጓዙበት የባቡር ትኬት ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት መከር ግን ጀርመን በቦርዶ፣ በሊልና በስትራስቡርግ ያሉትን የጎተ ተቋማት እንደምትዘጋ አስታወቀች። ትኬቱ የአንድ ጊዜ ነው፤ የጎተ ተቋም ግን ዓመት ሙሉ ቋንቋ የሚያስተምር ቤት ነው።

ይህን አሠራር ሌሎችም ወስደውታል። ጀርመንና ፖላንድ በ1991 ተመሳሳይ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። በ2016 ደግሞ አልባኒያ፣ ቦስኒያና ሄርዜጎቪና፣ ኮሶቮ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ሰሜን መቄዶንያና ሰርቢያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቲራና የሆነ የጋራ ጽሕፈት ቤት መሠረቱ። የፓሪስና የበርሊኑ ጽሕፈት ቤት ከ2000 ጀምሮ በባልካን ሦስት ወገን ያላቸውን ልውውጦች ሲደግፍ ስለነበር፣ አዲሱ ተቋም ሲመጣ መንገዱን የሚያውቁ አስተባባሪዎች አስቀድመው ነበሩ።