ተነሺ ድልድይ ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ድልድይ ስንሻገር ከሥር ማን ያልፋል ብለን አናስብም። አዌቱን በባጃጅ ስንሻገር ከታች ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ደፍርሶ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ስንመጣ የምንሻገረው ጊቤም ያው ነው። ቁልቁለቱ ያስጨንቃል፣ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፣ ድልድዩ ግን ንቅንቅ አይልም። መርከብ ስለማያልፍበት የድልድዩ ጭንቀት ከላይ የሚሄደው መኪናና ከታች የሚመጣው ጎርፍ ነው።

መርከብ በሚሄድበት ወንዝ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከላይ ባቡርና መኪና መሻገር አለበት። ከታች ረጃጅም ምሰሶ ያለው መርከብ መንገድ ይፈልጋል። ድልድዩን ከመጀመሪያው ከፍ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ባቡር ግን ዳገት አይወድም። ከፍ ወዳለ ድልድይ ለማውጣት ሐዲዱን ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያሉ ማንሳት ያስፈልጋል። በተጨናነቀ ከተማ ይህን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ድልድዩ ራሱ ከመንገድ ገለል እንዲል ይደረጋል።

አገላለሉ ብዙ ዓይነት ነው። በአግድም የሚዞር አለ። እንደ ለንደኑ ታወር ብሪጅ ከመሃል ተከፍሎ ሁለት ክንፉን ወደ ሰማይ የሚያነሳም አለ። ተነሺ ድልድይ የምንለው ሳይዞርና ሳይከፈል፣ የመሃሉ ክፍል እንደተዘረጋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ነው።

ግራና ቀኝ ሁለት ማማ ይቆማል። ማማው ጫፍ ላይ ትልልቅ ፑሌጃዎች አሉ። በፑሌጃዎቹ ላይ ወፍራም የብረት ገመድ፣ ጋራዥ ቤት ካቦ የሚሉት፣ ያልፋል። የገመዱ አንድ ጫፍ ድልድዩን ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮንክሪት የተሠራ ክብደት ይንጠለጠላል። የድሮውን ባለ ሁለት ሳህን የቡና ሚዛን አስቡት፤ ሁለቱ ወገን እኩል ሲሆን በጣት ገፋ ብታደርጉት ይነሳል። ሞተሩ ድልድዩን አይሸከምም ማለት ነው። የሚታገለው ከሰበቃው፣ ከነፋሱና ከትንሽዬ የክብደት ልዩነት ጋር ነው። ፖርትላንድ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራው የ1910ሩ ሃውቶርን ድልድይ በሁለት ክብደቶች ነው የሚነሳው፤ እያንዳንዳቸው ከ400 ቶን በላይ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የሚያስደንቀኝ የገመዱ ነገር ነው። ገመዱ ራሱ ከባድ ነው። ድልድዩ ታች ሳለ ገመዱ በድልድዩ በኩል ይረዝማል። ድልድዩ ሲወጣ ገመዱ ተንሸራቶ ወደ ክብደቱ በኩል ይዞራል። ስለዚህ ታች የተስተካከለው ሚዛን ላይ ሲደርስ ይዛባል። በትልልቆቹ ላይ ይህንን የሚያካክስ ሰንሰለት ይጨመራል። የድልድዩ ወለል ሲቀየርም ክብደቱ እንደገና ይመዘናል፤ አዲሱ ወለል ከበድ ካለ በዚያኛውም ወገን መጨመር ግድ ነው።

የዘመናዊው ተነሺ ድልድይ ስም ሲነሳ ዋዴል የሚባለው መሐንዲስ አይቀርም። መጀመሪያ ንድፉን ያቀረበው ለአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። በ1894 ቺካጎ ላይ ሠራው። የሚገርመው ዱሉዝም ዞሮ ዞሮ በ1930 ባለ ተነሺ ድልድይ ሆነች።

የአሮጌ ተነሺ ድልድይን ዕጣ ማየት ለሚፈልግ ግን ከሮተርዳሙ ደ ሄፍ የተሻለ የለም። ያለው ሆላንድ ውስጥ፣ ኒውዌ ማስ ወንዝ መሃል ባለች ደሴትና በደቡቡ ዳርቻ መካከል ነው። በቦታው መጀመሪያ የነበረው በአግድም የሚዞር የባቡር ድልድይ ነበር። ሲዞር መሃል ውሃ ላይ ይቆማል፣ መርከቦች በጎኑ ተጠጋግተው ያልፋሉ። በ1918 አንድ የጀርመን መርከብ ገጨው። ቀጥ ብሎ የሚነሳው ደ ሄፍ በምትኩ ተሠርቶ በ1927 ሥራ ጀመረ። በ1940 ጀርመኖች የሮተርዳምን መሃል ከተማ በቦምብ ሲያወድሙት ድልድዩ ተረፈ። የተሸነፈው በመሿለኪያ ነው፤ በ1993 ባቡሩ ከወንዙ ሥር ማለፍ ሲጀምር ሥራ ፈታ። ይፍረስ ሲባል ነዋሪው አይሆንም ብሎ ተከራከረ፣ በ2000ም ብሔራዊ ቅርስ ሆነ። የመሃሉ ክፍል አሁን ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

የዚህ ዓይነት ድልድይ ድክመቱ ግን አይለቀውም። የሚዞረውና የሚከፈለው ሰማዩን ክፍት ይተዉታል። ተነሺው ማማው ከሚደርስበት በላይ አይወጣም። በ2022 ይህ ድክመት የዓለም ወሬ ሆነ። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ያሠራው፣ 127 ሜትር የሚረዝም ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ ጀልባ ሮተርዳም አጠገብ ተሠርቶ ወደ ባሕር መውጣት ነበረበት። ደ ሄፍ ተነስቶ ከሥሩ የሚያሳልፈው ከፍታ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ ነው። ምሰሶዎቹ አያልፉም። የመሃሉ ክፍል ለጊዜው ይውረድ የሚል ሐሳብ ሲሰማ የከተማው ሰው ቀልቡ ተገፈፈ። ጀልባው ሲያልፍ የበሰበሰ እንቁላል እንወርውርበት ብለው የተጠራሩም ነበሩ። እኔ ብሆን እንቁላሉን አላባክንም ነበር፤ በሐሳቡ ግን ከእነሱ ጋር ነኝ። የአንድ ሰው ጀልባ እንዲያልፍ ተብሎ ቅርስ አይነካም።

መርከብ ሠሪው ድርጅት በመጨረሻ ድልድዩ ይውረድልኝ የሚለውን ነገር ተወው። በነሐሴ 2022 ጀልባው ምሰሶ ሳይተከልለት፣ በሌሊት፣ በሌላ መንገድ ተጎትቶ ወጣ።