«ሥጋማ ልብስ ነው» እና ሌሎች ስለ ሰው የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህችን ሳይሰማ አይነሳም፦ «ሥጋማ ልብስ ነው፣ አውልቆት ሄደ፤ ዋናው ነፍስ ናት።» ለማጽናናት ከሆነ ግድ የለም። ችግሩ ብዙዎቻችን የክርስትና ትምህርት አድርገን መያዛችን ነው።

አይደለም። ወደ ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ ወደ ፕላቶ ነው የሚቀርበው። የመምህሩን የሶቅራጥስን የመጨረሻ ሰዓታት በጻፈበት «ፌዶን» ውስጥ ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው፤ ፈላስፋም ዕድሜውን ሙሉ የሚለማመደው ከዚያ መላቀቅን ነው። እስቲ አሁን የተዋሕዶን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ቁጠሩ፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ሁለተኛው አምላክ ሰው ሆነ ይላል። የመጨረሻው ሙታን በሥጋ ይነሣሉ ይላል። ሥጋ ተጥሎ የሚቀር ነገር ቢሆን ምን ሊሠራ ይነሣል? ነፍስ ከሥጋ ተለይታ እንደምትቆይ ማንም አልካደም፤ ብቻዋን ግን ሙሉ ሰው አትባልም፣ ሥጋዋን ትጠብቃለች። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም እዚህ ላይ አይለይም። ሙስሊሙም ቢሆን ቁርኣን «አል ቂያማህ» ላይ አጥንት እንደሚሰበሰብ፣ የጣት ጫፍ ሳይቀር እንደሚስተካከል ያነባል። የጣት ጫፍ!

«በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ማለት አእምሮ አለው ማለት ነው።» ይህን ያሉ ትልልቅ ሊቃውንት አሉ፣ ከባዶ የመጣ አይደለም። መልክን አእምሮ ብቻ ካደረግነው ግን ገና ያልተናገረ ሕፃን፣ የመርሳት በሽታ ልጆቿን ያስረሳት እናት፣ ከአደጋ በኋላ ያልነቃ ሰው የት ሊገቡ ነው? ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ወንድና ሴት ብሎ ሁሉንም ያስገባል። ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ ከጥፋት ውኃ በኋላ የሰው ደም እንዳይፈስ ሲከለክል ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተሠርቷል። ማን ምን ያህል ያስባል የሚል ፈተና የለም። በጥንቱ መካከለኛው ምሥራቅ የአምላክ ምስል መባል በብዛት የንጉሥ ማዕረግ ነበር፤ ዘፍጥረት ለገበሬውም ለእረኛውም ሰጠው። በ4ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በመጽሐፈ መክብብ ላይ ሲሰብክ «ወንዶችና ሴቶች ባሪያዎችን ገዛሁ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ገዢውን ያፋጥጠዋል፤ የአምላክን መልክ በስንት ሳንቲም ገመትከው ነው ነገሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ በግልጽ የተናገረ ብዙ አይገኝም።

«ዴካርት ሰው አእምሮ ብቻ ነው አለ።» ምስኪን ዴካርት፣ የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ። ነፍስና ሥጋ የተለያዩ ናቸው ብሏል፣ እውነት ነው። ግን እዚያው በ1641 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስድስተኛው ክፍል ላይ፣ ረሃብና ሕመም የሚያስተምሩኝ መርከብ ላይ እንደተቀመጠ መርከበኛ ሥጋዬ ውስጥ አለመቀመጤን፣ ከሱ ጋር መቀላቀሌን ነው ይላል። መርከበኛ የመርከቡን ስብራት ያያል እንጂ አያመውም። ደካማ ጎኑን በትክክል የነካችው የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ናት። በ1643 በጻፈችለት ደብዳቤ የማትዳሰስ ነፍስ እንዴት አድርጋ ክንድ ታንቀሳቅሳለች ብላ ጠየቀችው። መልሱ ሲጨመቅ ያን አንድነት በዕለት ኑሮ እንጂ በማሰላሰል አታገኚውም የሚል ነው። እኔ ሽሽት ነው የምለው፤ ሐቀኛ መልስ ነው የሚሉም አሉ።

«የኛ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አልመረመሩም፣ የፈረንጅ ሥራ ነው።» የቆሎ ተማሪ ይስቅባችኋል። ሰው የሰባት ባሕርያት ውሑድ ነው ይባላል፦ አራቱ የሥጋ፣ ማለትም ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ መሬት፤ ሦስቱ የነፍስ፣ እነሱም ለባዊነት (ማሰብ)፣ ነባቢነት (መናገር)፣ ሕያውነት (ሕያው መሆን)። አራቱ ከግሪኮቹ ጋር የጋራ ናቸው፣ ማንም አያፍርበትም። ተቃራኒው ጽንፍም አለ፦ «ዘርዓ ያዕቆብ ዴካርትን ቀደመው»። ንጉሡ ሳይሆን ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ በስሙ የሚታወቀው «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ ራሱ የሚያያዘው ከ1667 እ.ኤ.አ. ጋር ነው፤ ዴካርት ደግሞ «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ»ን በ1637 አሳትሟል። ተደብቆ በኖረበት ዋሻ ውስጥ ሐሳቡ የመጣለት ቀደም ብሎ ነው ከተባለም፣ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ የ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ሥራ ነው ካለ ወዲህ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ማን ጻፈው የሚለው ላይ ስንናከስ ውስጡን አናነብም። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራንዝ በሚባል ቦታ የጌታው አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሊያገባ ሲል፣ ከእንግዲህ ገረድ መባል የለባትም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ይላል። ሰው ምንድነው ለሚለው ጥያቄ ከዋሻው ይልቅ ይቺ ቦታ ትበልጥብኛለች።

«ፍልስፍና ነፍስን ይክዳል።» አንዳንዱ ይክዳል። አርስቶትል ግን ስለ ነፍስ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፣ ለሱ ነፍስ የሕያው አካል ቅርጽ ናት፤ በምግብ የሚያድግ ሁሉ አለው። ጓሮ ያለው ጎመን ሳይቀር።