የካይሜራ የጥርስ ሰሌዳ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው የተሰበረ የካይሜራ የጥርስ ሰሌዳ ቅሪተ አካል ፎቶ ለጥፎ «ቅርጹ ከታወቁት ከአንዱም ጋር አይገጥምም፣ አዲስ ዝርያ ነው» ብሎ ጻፈ። አይገጥምማ! ግማሹ ተሰብሯል፣ የቀረው ደግሞ ዓሣው በሕይወት እያለ ሲበላበት የተፋቀ ነው።

ካይሜራ የሻርክ የሩቅ ዘመድ የሆነ ዓሣ ነው፤ አጽሙ ልም አጥንት ስለሆነ ይበሰብስና ብዙ ጊዜ ለእኛ የሚተርፈው በጥርስ ፈንታ የሚፈጭበት ሰሌዳው ብቻ ነው። ሻርክ ጥርሱን እየጣለ ይተካል። ካይሜራ ግን አይጥልም። ከላይ ሁለት ጥንድ፣ ከታች አንድ ጥንድ፣ በድምሩ ስድስት ሰሌዳ አለው። ከኋላ እያደጉ ከፊት እየተፋቁ ያልቃሉ።

እርሳስ አስቡ። እንጨቱ የሰሌዳው አካል ነው። በመሃሉ የሚያልፈው ጥቁር ደግሞ ትሪተር የምንለው፣ በማዕድን የጠነከረው መፍጫ ነው። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ጥቁሩ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ሰያፍ ብትቆርጡት ይረዝማል፤ እርሳሱ ግን ያው ነው። አሁን በአንድ እንጨት ውስጥ ሦስት አራት ጥቁር ያለበት እርሳስ አስቡና፣ ዓሣው ባደገ ቁጥር ከኋላ እየወፈረ የሚሄድ አድርጉት። የምንለየው ጥቁሮቹ ስንት እንደሆኑና በየት በኩል እንደሚያልፉ አይተን እንጂ በጫፉ ቅርጽ አይደለም። ለምሳሌ ከጠፉት የካይሜራ ወገኖች ሁለቱን ብናይ፣ ከላይ ባለው የኋለኛ ሰሌዳ ላይ ኤዳፎዶን በተለምዶ ሦስት ትሪተር ሲኖረው ኢስኪዮደስ አራት አለው።

ይህን ስለው ፎቶውን የለጠፈው ሰው «መጠኑስ? ከሌሎቹ እኮ በጣም ይተልቃል» ብሎ መልሶልኛል። መጠን ዕድሜንም ይናገራል፣ ብቻውን ዝርያ አይለይም። ደግሞ ያነጻጸረው የታችኛውን ከላይኛው ጋር ነው፤ የአንድ ዓሣ የታችና የላይ ሰሌዳ እኮ መቼም አይመሳሰሉም! በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከኒው ጀርዚ የክሬቴሺየስ ዘመን (የዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን) ደለል በወጡ ስብርባሪዎች ላይ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኮፕና ሌሎች ብዙ የዝርያ ስም አወጡ። በኋላ ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ከስሞቹ ብዙዎቹ ወደ ጥቂት ዝርያ ተጠቃለሉ። ያንን ስህተት እንደገና አንድገመው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠቆር ያለ ሁሉ ትሪተር አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ ሲቀበር የገባ ቀለም ሊሆን ይችላል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ትሪተር በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ፣ ስፖንጅ የሚመስል ነው። የፊተኛዋን ትንሿን የላይ ሰሌዳ ብቻዋን ካገኛችሁ ደግሞ ወገኑን እንኳ ለመናገር አትቸኩሉ።

ስለዚህ ፎቶ ስትልኩልኝ የሚፈጭበትን ፊት፣ ጀርባውንና የተሰበረበትን ጎን ለየብቻ አንሱት። የተሰበረው ጎን ላይ የጥቁሮቹ መስመር ወዴት እንደሚሄድ ይታያል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።