ቲኤንኤፍ፦ ስሙ ያሳሳተው ፕሮቲን

ካንሰር የሚያጠኑ ላብራቶሪዎች ፍሪዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከማይጠፉት ብልቃጦች አንዱ «ሪኮምቢናንት ሂዩማን ቲኤንኤፍ አልፋ» ይላል፤ ሪኮምቢናንት በዘረመል ምህንድስና የተሠራ፣ ሂዩማን የሰው ማለት ነው። ቲኤንኤፍ ሲዘረዘር ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር ነው፤ በእኛ አፍ «ዕጢ ገዳይ» እንደ ማለት። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ሰው ባይሳሳትበት ነበር የሚገርመው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

«ሂዩማን ስለሚል ከሰው ደም የተቀዳ ነው»

አይደለም። የሰው የሆነው መመሪያው ብቻ ነው። የፕሮቲኑ ዘረመል ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው እየተራባ ፕሮቲኑን ያመርታል። ከዚያ ተሰብሮ ፕሮቲኑ ተጣርቶ ይወጣል። በባክቴሪያ የተሠራው የሰው ኢንሱሊንም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ አሜሪካ በ1982 ፈቅዳዋለች።

«ባክቴሪያ የሠራው ከሰው ሴል ከወጣው ጋር አይተካከልም»

ለአንዳንዱ ፕሮቲን እውነት ነው። የሰው ሴል ብዙ ፕሮቲኖች ላይ ስኳር ይለጥፋል፤ ኢ. ኮላይ ግን ይህን ሙያ አያውቅም። ቲኤንኤፍ ያለ ስኳሩም ሥራውን ይሠራል። የፕሮቲኑ ሦስት ቅጂዎች አንድ ላይ ሲጣመሩ በቂ ነው።

«ዕጢ ገዳይ ከሆነ ለምን ለታማሚ አይሰጥም? ደብቀውት ነው»

ይህኛው ወሬ ረጅም ዕድሜ አለው። ነገሩ የሚጀምረው በ1890ዎቹ ነው። የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ ኃይለኛ ኢንፌክሽን የያዛቸው አንዳንድ የካንሰር ታማሚዎች ዕጢያቸው ሲሟሽሽ አስተዋለ። ስለዚህ ታማሚዎችን ሆን ብሎ ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። ድፍረቱ ያስደነግጣል። በ1975 በዚያው ከተማ የተመራማሪው የሎይድ ኦልድ ቡድን ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም ያለውን ፕሮቲን አይጦች ላይ አገኘና ይህን ስም ሰጠው። በ1984 ዘረመሉ ተለይቶ በብዛት መመረት ቻለ።

አልደበቁትም፤ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት። ትኩሳት መጣ፣ የደም ግፊት ወረደ። ሰውነት የሚችለው መጠን ዕጢውን አልነካ አለ። ይባስ ብሎ በ1985 ሌሎች ተመራማሪዎች ሲያሳድዱት የነበረው፣ በጽኑ የታመመን አካል የሚያከሳው ካኬክቲን የተባለ ፕሮቲን ራሱ ቲኤንኤፍ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚወስደው ቲኤንኤፍን ሳይሆን ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ነው፤ ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ብግነት። ፕሮቲኑ ራሱ አውሮፓ ውስጥ በ1999 አንድ ጠባብ ፈቃድ አግኝቷል፦ የእጅ ወይም የእግር ሳርኮማ (የለስላሳ አካል ካንሰር) ሲሆን፣ የዚያ እጅ ወይም እግር ደም ዝውውር ከቀረው አካል ተለይቶ ይሰጣል።

«ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል ግን ይሞታል»

ብዙው አይሞትም። ቲኤንኤፍ ለሴሉ ሁለት መልእክት ይዞ ነው የሚደርሰው፤ አንዱ ሙት፣ ሌላው ተርፈህ ኑር። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ያሸንፋል። የፕሮቲኑ ጉልበት ሲለካ እንኳ ኤል929 በሚባሉ የአይጥ ሴሎች ላይ አክቲኖማይሲን ዲ የተባለ ኬሚካል ይጨመራል፤ የመትረፊያውን መንገድ ለመዝጋት። ተመራማሪው ብልቃጡን የሚገዛው ይህን ሚዛን ለማጥናት እንጂ ለማከም አይደለም።

«ብልቃጡ ባዶ ነው፣ ተሸወድን»

አዲስ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። 10 ማይክሮግራም ደረቅ ፕሮቲን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ክዳኑ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት ወደ ታች እንዲወርድ ሴንትሪፊውጅ በሚባል ማሽከርከሪያ ላይ ይዞራል። ለአንድ ሚሊ ሊትር የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ 10 ናኖግራም ቢበቃ ይህ «ባዶ» ብልቃጥ አንድ ሊትር ሙሉ ይሠራል።

«ለምርምር ብቻ የሚለው ጽሑፍ የነጋዴ ቋንቋ ነው»

ኧረ በጭራሽ። ከኢ. ኮላይ ጋር ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ይመጣል፤ ሲጣራ ጥቂት ሊቀር ይችላል። ደም ውስጥ ቢገባ አደገኛ ነው። ላብራቶሪ ውስጥም ያታልላል፤ ማክሮፋጅ የሚባሉትን የሰውነት መከላከያ ሴሎች ራሳቸው ቲኤንኤፍ እንዲያመርቱ ያደርጋቸዋል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ታዲያ ከፕሮቲኑ ጥቂት ይቀንስና ያፈላዋል። ፕሮቲን ሲፈላ ይበላሻል፣ ኢንዶቶክሲን ግን ይቋቋማል። የፈላው ናሙና እንዳልፈላው ከሠራ ያ ሁሉ ውጤት የቲኤንኤፍ አልነበረም።