ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ሌብል፦ በልብስ ፍተሻ ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ጨርቅ ያውቃል። የመንዝ በርኖስ አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አለ። ጨርቅ ዳብሶ ለብርሃን ገልጦ ማየት እዚህ ከቤት የሚለመድ ነገር ነው። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቆ የልብስ ስፌት ሥራ ወደ ከተማው ሲገባ ይህ ልምድ ጠቅሟል። ቁልፍና ዚፕ ላይ ስንደርስ ግን ብዙዎቻችን ቸል እንላለን።

«ዋናው ጨርቁ ነው፤ ቁልፍ ይቀየራል»

የአዋቂ ሸሚዝ ላይ እሺ እንበል። ከሕፃን ልብስ የተነቀለ ቁልፍ ግን አፍ ይገባል፣ ያንቃል። በፍተሻ ይህ «ክሪቲካል» ነው፤ ከሁሉ የከፋ፣ ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ማለት ነው። ለቀላል ጉድለቶች የተወሰነ ቁጥር ይፈቀዳል፤ ለዚህ የሚፈቀደው 0 ነው።

«ቁልፉ ካልተነቃነቀ ጠንካራ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የቁልፍ መስፊያ ማሽኖች በአንድ ክር ሰንሰለት ስፌት ይሰፋሉ። ጫፉ በደንብ ካልታሰረ፣ ከጀርባ የተንጠለጠለችውን ክር ሳብ ስታደርጓት ስፌቱ ሁሉ ይተረተራል። ከፊት ሲታይ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ። ቀጥሎ የቁልፉን ቀዳዳ ጠርዝ ዳስሱ፤ ስለታም ከሆነ ውሎ አድሮ ክሩን ይበጥሰዋል። የሕፃናት ልብስ ላይ የእጅ ግምት ፈጽሞ አይበቃም፤ በመሣሪያ ተስቦ ይለካል። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ 90 ኒውተን ለ10 ሰከንድ ነው፤ 9 ኪሎ ገደማ ክብደት ቁልፉ ላይ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው።

«ዚፑ ተከፍቶ ከተዘጋ ደህና ነው»

በደብረ ብርሃን ብርድ ጃኬት የሚለብስ ሰው ዚፕ ሲከዳ ምን እንደሆነ ያውቃል። ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ግማሽ ላይ አቁሙና ሁለቱን ጎን ሳቡ፤ ራሱን የሚቆልፍ ዚፕ ከሆነ ወደ ታች መንሸራተት የለበትም። ከዚያ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከተሸበሸበ፣ ሲሰፋ አንዱ ወገን ተወጥሯል። አንድ ናሙና ማጠብም አትርሱ፤ ጨርቁና ዚፑ እኩል ካልተሰበሰቡ ሽብሽቡ የሚመጣው ከውኃ በኋላ ነው።

«ቀለሙ ገጥሟል፣ በዓይኔ አይቻለሁ»

በየትኛው ብርሃን? በአምፖል ሥር የገጠመ ክርና ጨርቅ ደጅ ሲወጣ ሊለያይ ይችላል። ላይት ቦክስ፣ ማለትም ቀለምን በተለያየ ብርሃን ማሳያ ሳጥን፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ሌብል ቁራጭ ጨርቅ ነው»

የመጠን ሌብል ከተሳሳተ ልብሱ እንከን ባይኖረውም ገዢው ይመልሰዋል።

«ፓኪንግ ላይ፣ ልብሱ ሲታሸግ ይታያል»

በእኔ እምነት ብዙ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው። የተሰፋ ዚፕ ሲፈታ ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ሊቀር ይችላል። ፍተሻው ቁልፉና ዚፑ ገና ሳይሰፋ ስቶር (መጋዘን) ላይ ይጀመር። ከተለያዩ ካርቶኖች ጥቂት አውጥታችሁ ከጸደቀው ናሙና ጋር አስተያዩ። ያልገጠመውን ለዩ፣ ምልክት ለጥፉበት፣ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ ሳይወጣ ለስቶር ኃላፊው አሳውቁ።