ድንጋይ ስር ያሉት ባለ 14 እግሮች

ሱሉልታም ሆነ ሰበታ፣ ጓሮ ያለው ሰው ያውቃቸዋል። ክረምት ላይ የበሰበሰ ግንዲላ ሲገለበጥ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ወደ ጨለማው ይሯሯጣሉ። በእንግሊዝኛ ዉድላይስ (woodlice) ይባላሉ። እግራቸው 14 ነው። ነፍሳት ይመስላሉ እንጂ ዘመዶቻቸው ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። የሚተነፍሱት ከሆዳቸው ስር፣ ከኋላ በኩል ባለ አካል ነው፤ እሱ ከደረቀ ይሞታሉ። ቀን ቀን የሚደበቁትም ለዚህ ነው።

ዋና ቀለባቸው የሞተ ነገር ነው፦ የወደቀ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ሻጋታ። አዲስ የረገፈ ቅጠል ብዙም አይወዱም። ፈንገስና ባክቴሪያ እስኪያለሰልሱት ይጠብቃሉ። ቅርፊታቸውን የሚቀይሩት በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ የኋላው ግማሽ ይወልቃል፣ ከቀናት በኋላ የፊተኛው። በመሃል ያገኛት ሰው ግማሽ ጎኗ ነጣ ብሎ ያያል። የወለቀውንም ትበላዋለች፤ ካልሲየሙ አይባክንም። ኩሳቸውንም መልሰው ይበላሉ። ደማቸው ኦክስጅን የሚያጓጉዘው በመዳብ ስለሆነ፣ ያመለጣቸውን መዳብ በዚህ መንገድ ያስመልሳሉ።

ከበሉት ውስጥ አብዛኛው ከሰውነታቸው ጋር ሳይዋሃድ ይወጣል። ትልቁ ውለታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ተቆራርጦ፣ ደቅቆ ስለሚወጣ ፈንገስና ባክቴሪያ በቀላሉ ይረባረቡበታል፤ በውስጡ የታሰረው ናይትሮጅንም ቶሎ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

አዲስ አበባን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከበባት ባህር ዛፍ ግን ለእነሱ ከባድ ምግብ ነው። ቅጠሉ ጠንካራ ነው፤ ዘይት ይበዛዋል፤ ለመበስበስም ጊዜ ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ ደግሞ የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ የእንጀራ ማገዶ ይሆናል። የብዙ እናቶች እንጀራ የቆመው በዚህ ሸክም ላይ ስለሆነ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። ነገር ግን ከተጠረገ መሬት ላይ እነዚህ ፍጥረታት የሚበሉትም የሚጠለሉበትም ያጣሉ፤ አፈሩም ከቅጠሉ የሚመለስለትን ያጣል፣ ዝናቡም እርቃኑን ያገኘዋል። ከዛፉ ስር ጥቂት ቅጠል መተው እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ጓሮ ውስጥ አልፎ አልፎ ለጋ ችግኝ ወይም መሬት የነካ እንጆሪ ይቀምሳሉ። ለዚህ ብሎ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። የብስባሽ ክምሩን ከመደቡ ማራቅ፣ ውሃም ማታ ሳይሆን ጠዋት ማጠጣት ይሻላል፤ ሌሊት ሲወጡ የአፈሩ ገጽ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ጫጩት ያለው ሰው ደግሞ ያንንም አያስብ፤ ዶሮ አንዴ ካገኘቻቸው አታልፋቸውም።