የክሎራይድ ዝውውርና የሚጥል በሽታ

ክሎራይድን የምናውቀው ከገበታ ጨው ነው፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ነው። አንጎል ውስጥ ግን የሚጥል በሽታ መነሳትና አለመነሳት ላይ እጁ አለበት።

የነርቭ ሴሎችን የሚያረጋጋው ዋናው ኬሚካል ጋባ ይባላል። አንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ጋባ ሴሉ ላይ ያለውን የክሎራይድ በር ይከፍታል። ውስጥ ያለው ክሎራይድ ጥቂት ከሆነ ከውጭ ይገባና ሴሉ ጸጥ ይላል። ውስጡ ከተጠራቀመ ግን በዚያው በር ይወጣል፤ ሴሉም በመረጋጋት ፈንታ ይነቃቃል። ጋባ በሩን ይከፍታል እንጂ አቅጣጫውን አይወስንም።

አቅጣጫውን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት አመላላሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤንኬሲሲ-1 ክሎራይድን ያስገባል፣ ኬሲሲ-2 ያስወጣል። በ1999 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጋባ አረጋጊ የሚሆነው አንጎል እየበሰለ ኬሲሲ-2 ሲበረክት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች አራስ ሕፃናት በቀላሉ የሚንቀጠቀጡበትን፣ እንደ ፌኖባርቢታል ያሉ በጋባ በኩል የሚሠሩ መድኃኒቶችም የሚደክሙባቸውን አንዱን ምክንያት ከዚህ ጋር ያያይዙታል።

በ2002 የፓሪስ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቃል። መድኃኒት እምቢ ካላቸው ታካሚዎች በቀዶ ሕክምና የወጣ የአንጎል ቁራጭ ወሰዱ። ስስ አድርገው ቆርጠው ፈሳሽ ውስጥ አኖሩት። ቁራጩ ከሰውየው ተለይቶም በራሱ የኤሌክትሪክ ምት ይለቅ ነበር። ሴል በሴል ሲለኩ፣ አንዳንዶቹን ጋባ ያነቃቃቸዋል። በ2007 እነዚህ ሴሎች ኬሲሲ-2 እንደሚጎድላቸው ታየ። ኤንኬሲሲ-1ን የሚዘጋው ቡሜታናይድም ምቱን ቀነሰው። በትዕግሥት የተሠራ፣ ትልቅ ክብር የሚገባው ሥራ ነው።

ቡሜታናይድ ሽንት የሚያሸና የቆየ መድኃኒት በመሆኑ ተስፋው ትልቅ ነበር። በአውሮፓ 14 አራስ ሕፃናት ላይ የተጀመረው ሙከራ ግን በጊዜ ተቋረጠ፤ ውጤቱ በ2015 ሲወጣ በሕይወት ከቀሩት 11 ሕፃናት 3ቱ የመስማት ችግር ገጥሟቸው ነበር። በቦስተን የተመራውና በ2021 የታተመው፣ 43 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት በበኩሉ መንቀጥቀጡ እንደቀነሰ ጠቁሟል። ሌላው ችግር መድኃኒቱ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው በጣም ትንሽ መሆኑ ነው።

የኬሲሲ-2 ጂን ሲበላሽ በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ይከሰታል፤ ይህ አያከራክርም። በሌላ በኩል በ2014 አንድ ቡድን፣ የክሎራይድን መጠን ከአመላላሾቹ ይልቅ ከሴሉ መውጣት የማይችሉ ትልልቅ ኔጋቲቭ ሞለኪውሎች ይወስኑታል ብሎ ተከራክሯል። ሐሳቡ ክብደት ቢኖረውም ብዙዎች አልተቀበሉትም።

አሁን ትኩረቱ ኬሲሲ-2ን የሚያበረታ መድኃኒት ወደመፈለግ አዘንብሏል። ኤንኬሲሲ-1 የውስጥ ጆሮን ጨምሮ ሰውነት ውስጥ ብዙ ቦታ ይገኛል። ኬሲሲ-2 ግን በአብዛኛው የነርቭ ሴሎች ላይ የተወሰነ ነው።